ጫካ የሆነ መሬቴን በፍየል ላጽዳ? አፈሩስ?

ቁጥቋጦ ያሸነፈው
ሰላም ቤተሰብ። 2 ሄክታር የምትሆን መሬት ለ7 ዓመት ማንም ሳይነካት ከርማ አሁን እጄ ገብታለች። መሬት ማለቱ ራሱ ያሳፍራል፣ እሾህ ናት። ከዳር ቆሜ መሃሉን ማየት አልችልም። ገጀራ ይዤ ሦስት ቅዳሜ ገባሁ። በአራተኛው ቅዳሜ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥኩት አቆጥቁጦ ጠበቀኝ።

ማሽን አስገብቼ ላስጠርገው ብዬም ነበር። ግን ቦታው ተዳፋት ነው። ሥሩ ሁሉ ከተነቀለ አፈሩ በአንድ ዝናብ ተጠራርጎ እንዳይሄድ ፈራሁ። የአረም መድኃኒት መርጨትም አልፈልግም። ታዲያ አንድ ሰው "ፍየል አስገባበት" አለኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ስንት ፍየል ልግዛ? ደግሞስ አፈሩን ታድነዋለች ወይስ ትጨርሰዋለች? አሁን ከቁጥቋጦው ሥር ያለው አፈር ገርጥቷል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው። ሳር የሚባል ነገር የለም።

ፈጣን መላሽ
50 ግዛ፣ ልቀቃቸው፣ በወር ያልቃል። ተገላገልክ።

ጠርጣራ
ወንድሜ፣ ፈጣን መላሽን አትስማ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ፒንታ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓሣ አጥማጆች 3 ፍየል ለቀቁባት። ብዙም ሳይቆይ በአሥር ሺዎች ሆኑ፣ ደሴቲቱንም ላጯት። ኢሳቤላ በምትባለው ትልቋ ደሴት ደግሞ ነገሩ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ፍየል የማጥፋት ዘመቻ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ፕሮጀክት እስከ 2006 ቆየ። ከኢሳቤላና ሳንቲያጎ ከምትባለው ደሴት በድምሩ ከ140,000 በላይ ፍየል ነው የተወገደው። የመጨረሻዎቹን ለማግኘት አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ ያላቸውን ፍየሎች ለቀቁ። ፍየል ብቻዋን መኖር ስለማትወድ የተደበቁትን ፈልጋ ታገኛለች፣ አዳኞቹ ደግሞ እሷን ይከተላሉ። ስማቸው "የይሁዳ ፍየሎች" ነበር።

መሬት ከሚያራቁት እንስሳ ጋር አፈር አድናለሁ ማለት አይገባኝም።

የመንጋ እናት
ጠርጣራ ያለው እውነት ነው። ፈጣን መላሽ ያለውም ግማሽ እውነት አለው። የፒንታ ፍየሎች ግን አንድ ነገር ጎድሏቸው ነበር። የሚያስወጣቸው ሰው አልነበረም።

እኔ ይህን ሥራ ስጀምር እንደ አንተ "ስንት ልግዛ" ብዬ ነው የጀመርኩት። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው "በአምስተኛው ቀን የት ልታደርጋቸው ነው?" የሚለውን ነው። ፍየል ማስገባት ማንም ያስገባል። ሥራው ማስወጣቱ ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን ከክብደቷ ከ3 እስከ 4 በመቶ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቆጠር 1 ኪሎ በለው። 20 ፍየል በ4 ቀን 80 ኪሎ ይፈጃሉ። እኔ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ 20 ፍየል 30 በ30 ሜትር ቦታ ላይ አጥሬ ሳስገባ 3 ወይም 4 ቀን ይበቃቸዋል። ያንተ 2 ሄክታር እንዲህ ሲሸነሸን 22 ቦታ ይወጣዋል። እያንዳንዱ ላይ 4 ቀን ቢቆዩ ወደ መጀመሪያው የሚመለሱት ከ88 ቀን በኋላ ነው። እነሱ በሌሉበት 84 ቀን ነው መሬቱ የሚድነው። 50ውን በአንዴ ብትለቃቸው ግን የሚወዱትን መርጠው ይጨርሳሉ፣ የማይወዱትን ይተዉልሃል፣ ተመልሰው የበቀለውን ቀንበጥ በሦስተኛው ቀን ይለቅሙታል።

የማስወጫ ምልክቴን ልንገርህ። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲያልቅ አስወጣለሁ። ግንድ መላጥ ከጀመሩ ዘግይቻለሁ ማለት ነው። እንዲቆይ የምትፈልገው ዛፍ ካለ ግንዱን ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት ሸፍነው። በኋላ ሁለት እግሯ ቆማ 2 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፣ ቁመቱን አትናቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ይወቁት የሚያነቡት ሁሉ። ፍየል ግንድ አትበላም። ስትወጣ የምታገኘው ቅጠል የሌለው አጽም ነው። ግን አሁን መሃሉ ይታያል፣ ትገባለህ፣ ግንዱን በመጋዝ ትቆርጣለህ። እሾህ እየወጋህ ከምትታገለው ጋር አይነጻጸርም። ሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ያኔ ለስላሳ ቀንበጥ ስለሆነ ፍየሎቹ ሲመለሱ የመጀመሪያ ምርጫቸው እሱ ነው። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ በተዘረጋ ቁጥር እየተበላ ሲሄድ ሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ ያልቃል። በአንድ ዓመት ግን አትጠብቅ። 2 ወይም 3 ዓመት ነው።

ሮቦት ወዳጅ
አሁን እኮ በስልክ የሚታዘዝ የሳር ማጨጃ አለ። ለምን በእንስሳ ትለፋላችሁ? ባትሪው አንዴ ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ይሠራል።

ጠርጣራ
ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። ይህ አባባል በትክክል የሚገጥምበት ቀን ይመጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው
😂 ሮቦቱ እሾሁን አይቶ ራሱ ይመለሳል።

የመንጋ እናት፣ እጅግ አመሰግናለሁ እህቴ። "በአምስተኛው ቀን የት" ያልሽውን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አጥሩስ? 22 ጊዜ አጥር መሥራት አልችልም።

የመንጋ እናት
ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መረብ ተጠቀም። ጥቅልሉን ተሸክመህ በአንድ ሰዓት ትተክለዋለህ። ሁለት ካለህ አንዱ ውስጥ እያሉ ሌላውን ታዘጋጃለህ። መረቡ የሚያልፍበትን መስመር ቀድመህ ጥረግ፣ ቅጠል ከነካው ኃይሉን ይበላዋል። ከ4,000 ቮልት በታች ከወረደ ፍየል በሁለት ቀን ውስጥ ታውቃለች። እንዴት እንደምታውቅ አትጠይቀኝ።

መጀመሪያ ግን አስለምዳቸው። ጠንካራ በረት ውስጥ ያንኑ መረብ ዘርግተህ ለጥቂት ቀን አብረው ይዋሉ። አንዴ በአፍንጫዋ የነካች ፍየል ትምህርቷን ጨርሳለች። ሳታለማምድ ጫካ ውስጥ ካስገባሃቸው ግን ደንግጠው ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው የሚሮጡት።

እረኛ ነበርኩ
ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ፍየል ላይ ግን ልጅ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

ጠዋት ጠል ሳይደርቅ አታሰማሩ። እኛ ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር፣ አባቶቻችን "ሆዷ ይነፋል፣ ትከሳለች" ይሉን ነበር። ሌላው፣ መሪዋን ፍየል እወቋት። በእያንዳንዱ መንጋ አንዲት አለች። እሷን ካላመድክ 20ውን ለማዘዋወር አንድ እፍኝ እህል ያለበት ጣሳ ማንኳኳት ይበቃል። እሷን ካስደነገጥክ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ትውላለህ።

ስትገዛም አትቸኩል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል፣ ሰውም እንደዚያው ነው። አጥሩ ሳይኖር ፍየል የሚገዛ ብዙ አይቻለሁ።

የከብት ሐኪም
ጋሼ ስለ ጠሉ ያሉት ትክክል ነው፣ ምክንያቱንም ልጨምርበት።

ፍየልን በብዛት ከሚገድሏት አንዱ የጨጓራ ትል ነው። ሄሞንከስ ይባላል፣ ደም መጣጭ ነው። አንዷ ሴት ትል በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ይወጣል፣ ሞቅ ያለ እርጥበት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ይፈለፈልና እጭ (ገና ያላደገ ትል) ሆኖ በሳሩ ላይ በእርጥበቱ እየዋኘ ይወጣል። ሩቅ ግን አይወጣም። አብዛኛው ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሳያልፍ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቁጥቋጦ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትበላ ፍየል ትል አታገኝም ማለት ይቻላል። አጭር ሳር ላይ ያጎነበሰችው ናት የምትታመመው።

አሁን የመንጋ እናትን ሒሳብ ተመልከቱ። 4 ቀን ቆይተው ይወጣሉ፣ እጩ ፍየሏን ለመያዝ ሳይደርስ ማለት ነው። ተመልሰው የሚመጡት ከ84 ቀን በኋላ ነው፣ ሞቃት ከሆነ አብዛኛው እጭ ያኔ ሞቷል። ብርድ በሆነ ቦታ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ እረፍቱንም ማስረዘም ነው።

መድኃኒት በየወሩ ለሁሉም አትስጡ። ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ከ5 ፍየል አንዷ ብላችሁ አስቡ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡን እዩ። ቀይ ከሆነ ደህና ናት። ነጣ ካለ ደሟ አልቋል። ፋማቻ የሚባል ከ1 (ቀይ) እስከ 5 (ነጭ) ቀለም ያለው ካርድ አለ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዘዴ ነው። 4 እና 5 ላይ ያሉትን የግድ ታክማላችሁ፣ 3 ላይ ያለችውን ፍየልም ማከም ይመከራል። ከመንጋጋዋ ሥር እብጠት ካያችሁ ደግሞ ቀኑን አታሳልፉ።

ከመግባታችሁ በፊት ቦታውን ዞራችሁ መርዛማ ተክል ፈልጉ። ኦሊያንደር የሚባለው የጌጥ ቁጥቋጦ ጥቂት ቅጠሉ ይገድላል። የጉሎ ፍሬም እንደዚያው። ላንታና፣ የወፍ ቆሎ የምንላት፣ ጉበት ትጎዳለች። የቼሪና የፕለም ዛፍ ቅጠል ተቆርጦ ሲጠወልግ ሳያናይድ ያወጣል፣ ስለዚህ ቆርጣችሁ አትጣሉላቸው። የጠገበች ፍየል መርዝ ብዙ ጊዜ ትተዋለች። የተራበች ግን ምርጫ የላትም። ለዚህም ነው "ሁሉን ይላጩልኝ" ብሎ ማስራብ የማይገባው።

የሚላስ ማዕድን ስትገዙ የበግ የሚለውን አትውሰዱ። በግ መዳብ ስለሚጎዳው የሱ ውስጥ መዳብ አይጨመርም፣ ፍየል ደግሞ ያስፈልጋታል።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው
ዶክተር፣ ያን የዓይን ቆብ ነገር ዛሬውኑ እለማመዳለሁ። ስለ አፈሩ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። ጠርጣራ ያለው ሆዴ ውስጥ ቀርቷል።

አፈር ቆፋሪ
እኔ ልሞክር። መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። "ፍየል መሬቱን ታዳብራለች" ይባላል። ፍየል ማዳበሪያ ፋብሪካ አይደለችም። ከውጭ መኖ እስካላመጣህላት ድረስ አንድ ግራም ፎስፈረስ አትጨምርም። የምትሠራው ማዘዋወር ነው። ቅጠል ላይ የተሰቀለውን ወደ መሬት ታወርደዋለች። ቅጠሉ ራሱ ወድቆ እስኪበሰብስ ወራት ይፈጃል፣ በሆዷ ካለፈ ግን ተፈጭቶ፣ በባክቴሪያ ተብላልቶ ነው የሚወርደው። ከበላችው ንጥረ ነገር አብዛኛው መልሶ ይወጣል። ፎስፈረሱ በበጠጥ፣ ፖታሲየሙና ብዙው ናይትሮጅን በሽንት።

እንግዲህ ጥያቄው የት ላይ ይወርዳል ነው። ብዙ ሰው ቀን አሰማርቶ ማታ በረት ያስገባል። ፍየል ደግሞ ስትነሳና ስትተኛ ነው ብዙ የምትጥለው። ውጤቱ ምንድን ነው? መሬትህን እያደኸየህ በረትህን ታበለጽጋለህ። ከአውሬ የሚጠብቅ ነገር ካለህ እዚያው መረቡ ውስጥ ይደሩ። ካልቻልክ የበረቱን ፍግ መልሰህ ተሸክመህ ውሰድ፣ ስንፍና አያዋጣም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ከቁጥቋጦህ ሥር ሳር የሌለው አፈሩ ስለሞተ ብቻ አይደለም፣ ጨለማ ስለሆነ ነው። ፍየሎቹ ጣራውን ሲከፍቱት ፀሐይ ይገባል፣ ተኝቶ የነበረ ዘር ይነሳል። እኔ ከማስወጣቴ አንድ ቀን በፊት የሳርና የጥራጥሬ ዝርያ መኖ ዘር እበትናለሁ። ሰኮናቸው ይጫነዋል፣ ከበጠጡና ከወደቀው ቅጠል ጋር ይቀላቅለዋል። ሌላ ማረሻ አያስፈልገኝም። አፈሩን የሚያላላው የሣሩ ሥር ነው። እያደገ፣ እየሞተ፣ እየበሰበሰ ቀዳዳ ይሠራል። ለዚህ ጊዜ ይፈልጋል፣ የመንጋ እናት 84 ቀን ያለችው እዚህ ጋ ገባ።

ሦስተኛው ተዳፋቱ። የቆረጥከውን ግንድ አታቃጥል። ቁልቁለቱን አግድም እየተከተልክ ደርድረው። የሚወርደውን ደለል ይይዝልሃል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ አፈሩ ሸክላ ከሆነ መንጋውን ከዚያ አውጣ። እርጥብ ሸክላ ላይ 80 ሰኮና ማለት ጡብ መምታት ነው።

የመጨረሻው፣ ለካ። ክዳንና ታች የሌለው ጣሳ መሬት ላይ በመዶሻ ትንሽ አስገባ። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስስ። እስኪሰርግ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፍ። በዓይን ማየት ያታልላል፣ አረንጓዴ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ጠርጣራ
ይኸኛው መልስ ነው። አሁንም ተጠራጣሪ ነኝ፣ ግን መረቡ ላይ እንጂ ፍየሏ ላይ አይደለም።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው (ከ5 ወር በኋላ)
ተመልሻለሁ። 18 ሙክት ገዛሁ። ሙክት የሆነበት ምክንያት መንጋው ሳላስበው እንዳይባዛብኝ ነው፣ የፒንታ ታሪክ አስፈርቶኛል። ከመጡበት ቦታ የእሾህ ዘር በሆዳቸው ይዘው እንዳይገቡ 4 ቀን በረት ውስጥ አቆየኋቸው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። በሁለተኛው ወር ባትሪው አልቆ ነበር። አላየሁም። ማታ ላይ አንዱ ቀንዱን መረቡ ውስጥ አስገብቶ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ትንሽ ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ሌሎቹ 17ቱ አጥሩን ጥሰው ጎረቤቴ ጓሮ ነበሩ። ጎረቤቴ ቆማ ታያቸዋለች፣ ጎመኗ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ቮልቱን እለካለሁ፣ ጥርስ እንደመቦረሽ ሆኗል። ጎረቤቴንም ይቅርታ ጠይቄ ጎመኑን ተክቻለሁ።

ደረቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ። ባትሪው ሙሉ፣ ሽቦው ደህና፣ ፍየሎቹ ግን አይነዝራቸውም። ለካ መሬቱ በጣም ደርቆ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቷል። የመሬት ዘንጉ (ኤሌክትሪኩ በአፈር በኩል እንዲመለስ የሚተከለው ብረት) ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩ፣ ተስተካከለ።

ቁጥቋጦው? ከ22 ቦታ 22ቱም አንድ ጊዜ ተበልተዋል። ከዳር ቆሜ መሃሉን አያለሁ። ያላወቅኩት ጉድጓድ ወጣ፣ አሮጌ የድንጋይ እርከንም ወጣ።

እረኛ ነበርኩ
እርከኑን አታፍርስ ልጄ። ያ የሠራው ሰው ውሃው የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው (ከ14 ወር በኋላ)
የጣሳውን ልኬት ለሚጠብቁ። መጀመሪያ ስለካ በአማካይ 11 ደቂቃ ነበር። ዘር በትኜ በወቅቱ ባስወጣሁባቸው ቦታዎች አሁን 4 እና 5 ደቂቃ ነው። ዘር ሳልበትን ባለፍኩባቸው 9 ደቂቃ፣ ማለትም ያን ያህል ለውጥ የለም። የውሃ ገንዳውን ሳላንቀሳቅስ ለወራት ያቆምኩበት ቦታ ግን 20 ደቂቃ ጠብቄ ተውኩት፣ አልሰረገም። እዚያ እንደ አስፋልት ነው። ጠርጣራ፣ ፒንታዬ 6 ሜትር በ6 ሜትር ናት።

ጠርጣራ
ገንዳውን በየቀኑ አዙር። የተበላሸውን ደግሞ በመቆፈሪያ ሹካ ነቅንቀህ ደረቅ ሳር አልብሰው፣ ለአንድ ዓመት ሰኮና እንዳይነካው።

የመንጋ እናት
14 ወር ለዚህ ጥሩ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ይመጣብሃል። ቁጥቋጦው እየሳሳ ሲሄድ 17ቱን ምን ትመግባለህ? ሳር ላይ ካጎነበሱ ዶክተሩ ያለው ትል ይጀምራል።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው
አዎ፣ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት የሁለቱ ዓይን ቆብ ነጥቶ አገኘሁት፣ አከምኳቸው። 9ኙን ልሸጥ ነው። የቀሩትን ደግሞ ጎረቤቴ ጠየቀችኝ፣ ከጎመኗ ጀርባ ያለው ቁልቁለት እሾህ ወርሶታል። ስንት ቀን ታቆይልኛለህ አለችኝ።

ፈጣን መላሽ
አንድ ወር በላት።

ቁጥቋጦ ያሸነፈው
4 ቀን አልኳት። መረቡን ነገ ጠዋት ሄጄ እዘረጋለሁ፣ ባትሪው አሁን ቻርጅ ላይ ነው።